የደሴ የድሮ ሰፈሮችና ቤቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግኩት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ሥራዬ መዶሻውን ተሸክሜ ከኋላው መከተል ነበር፤ እሱ አሮጌ ግድግዳ እያንኳኳ "ይሄ ድንጋይ ነው፣ ይሄ ጭቃ ነው፣ ይሄ ደግሞ ውሸት ነው" ይለኛል። ውሸት የሚለው ጭቃውን በሲሚንቶ ለስነው ድንጋይ ያስመሰሉትን ነው። አሁን እንግዳ ሲመጣ ከተማ የማዞረው እኔ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪም ወደኔ ይላካል። የሚጠይቁኝ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው። እዚህ ልመልሰውና ልረፍ።

ደሴ በፕላን የተሠራች ከተማ ናት እንዴ? ዝም ብላ የተዘረገፈች ነው የምትመስለው።

ከጦሳ ተራራ ላይ ቁልቁል ላያት አዎ፣ የተዘረገፈ ቆርቆሮ ነው የምትመስለው። ግን ሁለቴ ታቅዳለች። መጀመሪያ በወሎው ገዥ በራስ ሚካኤል ጊዜ፣ ቀጥሎ በጣልያን። የመጀመሪያው ዕቅድ ወረቀት አልነበረውም፤ ማን የት እንደሚሰፍር ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ወረቀትም ማስመሪያም ነበረው። አንደኛው ሰው ለማሰባሰብ የወጣ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ለመለየት። እኔ ደሴን የማያት በነዚህ በሁለቱ ነው፣ ከታች የምላችሁም ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል።

"ደሴ" የሚለው ስም ከየት መጣ?

አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ ደስ ብሏቸው "ደሴ" አሏት ይባላል። ደስታዬ እንደማለት ነው። ኮከቡ ተረት አይደለም፤ በ1875 ዓ.ም. መስከረም ላይ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ነበር። ስሙ በሱ ምክንያት ነው ወይ የሚለውን ክርክር ለሽማግሌዎች ትቼዋለሁ።

በራስ ሚካኤል ጊዜ ከተማው እንዴት ነበር የተደራጀው?

"ሰፈር" የሚለውን ቃል አስቡት እስቲ። ሰፈረ ከሚለው ነው የመጣው። "ከተማ"ም ድሮ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሥ ሲጓዝ ድንኳኑ መሃል ይተከላል፣ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጀን ከኋላ። ካርታ የሚባል ነገር የለም፣ ግን በጨለማ እንኳ ቦታውን የሚስት የለም። ድንኳኑ ወደ ጎጆ፣ ጎጆው ወደ ቤት ሲቀየር ያው ሰፈር ከተማ ሆነ ማለት ነው። ግቢው ከፍታው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከአጠገቡ፣ ገበያው ሰፋ ያለ ሜዳ ላይ፣ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ዙሪያውን። አዲስ አበባም የተጀመረችው እንዲሁ ነው።

ራስ ሚካኤል ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። ክርስትና የተነሡት በ1870 ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ነው፣ እሱም እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው። ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ። በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ በሸዋ ጦር ተሸነፉ፣ የደሴም ወርቃማ ጊዜ እዚያ ላይ አበቃ።

የድሮው አደረጃጀት ዛሬ የሚታየው ከግንቡ ይልቅ በስሙ ነው። ሸዋ በር ስትሉ ወደ ሸዋ የሚያወጣውን በር እየጠራችሁ ነው፣ በሩ ግን የለም። ሰኞ ገበያ ደግሞ ሰኞ ዕለት ብትሄዱ ስሙ ለምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ቧንቧ ውሃ የተባለው ሰፈር እንኳ፣ ቧንቧ ብርቅ የነበረበትን ዘመን ነው የሚያወራው።

አይጠየፍ አዳራሽ ምኑ ነው የሚገርመው?

ስሙ። የራስ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ግብር የሚበላበት ቤት "አይጠየፍ" ከተባለ፣ ማንንም አይመልስም፣ ማንንም አይንቅም ማለት ነው። ባላገሩም መኳንንቱም በአንድ ጣሪያ ስር ይበላል። እውነቱን ለመናገር እኩል ነበሩ ማለት አይደለም። የግብር ቤት ሥርዓት አለው፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ጥሬ ሥጋው ለማን ቀድሞ እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ግን ሁሉም ገባ። ይሄን ያዙልኝ፣ ጣልያን ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ጣልያን ሲገባ ከተማው ምን ሆኖ ቆየው?

ቀድሞ ደብድቦታል እኮ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖች መጥተው ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ ራሳቸው እዚህ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶ የደሴ ነው። የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የሣር ክዳን ቤት የእሳት ቦምብ ሲወድቅበት ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ጣልያኖቹ የገቡት ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው፣ የወጡት ሚያዝያ 18 ቀን 1933። አምስት ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን። ይሄን ቁጥር የማነሳው ነገር ስላለኝ ነው። ሰው "ይሄንን ሁሉ ጣልያን ነው የሠራው" ሲል እሰማለሁ። በአምስት ዓመት፣ ያውም አርበኛው በየገደሉ ቁጭ ብሎ በሚጠብቀው አገር ውስጥ፣ ይሄን ያህል ከተማ ማን ይሠራል? ያቀዱት ብዙ ነው፣ የሠሩት ጥቂት።

ያቀዱትስ ምን ነበር?

ለዋና ዋና ከተሞች ሁሉ ፕላን አውጥተው ነበር። አዲስ አበባን ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ ሰዎች ነደፉት፣ የጎንደሩን ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት። የሁሉም አጥንት አንድ ነው። ነጩ ለብቻው፣ አገሬው ለብቻው። ለነጩ ሰፋ ያለ መንገድ፣ ቪላ፣ ሲኒማ፣ ፖስታ ቤት። ለአገሬው ራቅ ያለ ቦታ፣ የራሱ ገበያ፣ በመሃል ባዶ ወይም ዛፍ የተተከለበት መሬት። አዲስ አበባ ውስጥ የአራዳው ገበያ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ የተወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያን ወንድ ከአበሻ ሴት ጋር በትዳር መልክ አብሮ እንዳይኖር ሕግ አወጡ። ስለዚህ ፕላኑ የመንገድ ፕላን ብቻ አልነበረም፣ የጓዳም ፕላን ነበር።

ደሴም ከዚህ አላመለጠችም። አሁን ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። አንዱ ዘመን ትልቁን ቤቱን "አይጠየፍ" አለው። ቀጣዩ መጣና ከተማውን በሙሉ በመጠየፍ ላይ አቀደው።

ደግነቱ ወሎ ላይ ይሄ አይይዝም። እዚህ አንድ ቤት ውስጥ ወንድሙ ሰይድ፣ እህቱ ማርያማዊት ሆነው የሚኖሩበት አገር ነው። ማስመሪያ ይዞ መጥቶ ሰው ለመለየት ከደሴ የባሰ ቦታ አልመረጠም።

ፒያሳ ለምን ፒያሳ ተባለ?

በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። አዲስ አበባም ጎንደርም አለ። ከተማው ውስጥ ሱቅ፣ ካፌና መብራት ያለበት ቦታ ሁሉ ፒያሳ ይሆናል።

ስለ ስም ካነሣን ግን የአዲስ አበባውን ካዛንቺስ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኢንቺስ የጣልያን መንግሥት ሠራተኞችን መኖሪያ ቤት የሚሠራ ተቋም አህጽሮተ ስም ነው። "ካዜ ኢንቺስ"፣ የኢንቺስ ቤቶች። ከዚያ ካዛንቺስ። የፖፖላሬ ሰፈርም የሕዝብ ቤቶች ከሚለው ነው የመጣው። ከተሜ ነኝ የሚል አዲስ አበቤ ሰፈሩን በቢሮ ስም እንደሚጠራ ስነግረው አይወድልኝም። የግንባታ ቃሎቻችንም እንደዚያው ናቸው፤ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ጀሶ፣ ቱቦ፣ ፌሮ፣ ላሜራ። ኮርኒስን ደግሞ ትርጉሙን ገልብጠን ወስደነዋል። እነሱ ክፈፉን፣ ጠርዙን ነው ኮርኒስ የሚሉት፣ እኛ ጣሪያ ስር የሚወጠረውን አቡጀዲ።

አንድ ቤት የጣልያን ጊዜ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ በጣም የምወደውም እሱ ነው። አባቴ ከላይ ሳይሆን ከታች ነበር የሚጀምረው። መሠረቱን እዩ። ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከወለሉ በታች ግድግዳው ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለ፣ በወንፊት ብረት የተሸፈነ፣ የጣውላ ወለል ያለው ቤት ነው። ቀዳዳው ጣውላው በእርጥበት እንዳይበሰብስ አየር ማስገቢያ ነው። ብዙ ሰው አይጥ ገባብኝ ብሎ ይደፍነዋል። ከዚያ ጣውላው ሲበሰብስ "ድሮ ጠንካራ ነበር፣ እርጅና ነው" ይላል። እርጅና አይደለም ወዳጄ፣ አፍንጫውን ነው ያፈንከው።

ቀጥሎ ግድግዳው። ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ሃምሳ ስልሳ ሳንቲ ሜትር የሚወፍር። መስኮቱ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቡና መጠጣት ከቻላችሁ በቂ ነው። ፊት ለፊት በረንዳ ይኖረዋል፤ ማዕዘኑ ሹል ከመሆን ይልቅ ክብ ብሎ የዞረ ቤትም ታያላችሁ፣ የዘመኑ ፋሽን ነበር። በሩ ሁለት ክንፍ ነው፣ በላዩ ላይ ብርሃን የሚያስገባ መስታወት። ስትገቡ ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ ክፍል። ከኛ ቤት የሚለየው ዋናው እዚህ ጋ ነው። የኛ ቤት በሩን እንዳለፋችሁ ሰው ላይ ነው የሚጥላችሁ፣ እንግዳው ሳሎን መሃል ቁጭ ይላል። የነሱ ኮሪደር ላይ ያቆማችኋል።

ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን ደግሞ የእሳት ማንደጃ ያለበት ቤት አለ። የአንዱን ዘመዳችንን አስታውሳለሁ፤ ጭስ ማውጫውን ደፍነው ማንደጃው ውስጥ ቴሌቪዥን አስቀምጠውበት ነበር። ልክ መጠኑ ነው ይሉ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ "የጣልያን ቤት" ከምትሏቸው ብዙዎቹ በጃንሆይ ዘመን፣ ከ1933 በኋላ የተሠሩ ናቸው። የሠሩትም ከጣልያን ጋር ሲሠሩ ሙያውን የለመዱ የኛው ሰዎች ናቸው። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የጠረበውም፣ የተሸከመውም ወሎዬ ነው። የደሴ ሙዚየም ያለበት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት የዚያን ጊዜ ባለሥልጣን እንዴት ይኖር እንደነበር ለማየት ጥሩ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፣ ያ ያሳዝናል።

የኛው ጭቃ ቤትስ? እሱም ታሪክ ነው ወይስ ድህነት?

ድህነት የሚለው ሰው ክረምት ላይ ብሎኬት ቤት ውስጥ አድሮ ይየኝ። የደሴ ብርድ ሲመጣ ጭቃ ቤት ይሞቃል፣ ብሎኬት ያለቅሳል፣ እውነቴን ነው፣ ጠዋት ግድግዳው ላይ ውሃ ታያላችሁ።

አያቴ ቤት ሲሠራ ሕፃን ሆኜ አይቻለሁ። ባሕር ዛፉ ቋሚ ሆኖ ይተከላል፣ የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ተለብልቦ ምስጥ እንዳይበላው። ማገሩ በአግድም ይታሰራል፣ ድሮ በልጥ፣ በኋላ በሚስማር። ጭቃው ላይ ነው ጥበቡ። አፈሩ ከጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ይቦካል። አዎ፣ እንደ ሊጥ። ሽታው ይከረፋል። አያቴ በየቀኑ እየመጣች በጣቷ ትነካውና "ገና ነው" ትላለች፣ ግንበኛው አባቴ ቆሞ ይጠብቃታል፣ እሷን አልፎ አይጀምርም። መጀመሪያ ምርጊቱ ይገባል። እሱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ መሰንጠቅም አለበት፣ የሚቀጥለው ልስን የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። ከዚያ እበትና አመድ የገባበት ቀጭን ልስን፣ መጨረሻ ላይ ኖራ። ሰው የሚጠራው በደቦ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጭቃ፣ ማታ ንፍሮና ጠላ፣ ለሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ ቡና በስኳር።

ጭቃ ቤት የሚሞተው ከታች ነው። ዝናብ ከጣሪያ ወርዶ መሬት ነክቶ ተመልሶ ግድግዳውን ሲረጨው። ስለዚህ ከታች ጉልበት ድረስ ድንጋይ፣ ከላይ ሰፋ ያለ የጣሪያ ክፈፍ። ይሄ ሁለቱ ካለው የልጅ ልጅ ያያል።

ደሴ ለምን እንዲህ ጠባብና ረጅም ሆነች?

ሌላ ምርጫ ስለሌላት። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፣ መሃሏን የቦርከና ወንዝ። ወደ ጎን መስፋት ስላልቻለች በርዝመት ሄደች፣ ከዚያ ወደ ላይ ተንጠላጠለች። ቁልቁለቱ ላይ መሬቱ ይንሸራተታል፣ ይሄ የታወቀ የደሴ ችግር ነው። ድጋፍ ግንብ ስታሠሩ ግንበኛውን አንድ ነገር ጠይቁት፤ "ውሃው በየት ይወጣል?" ቱቦ ሳያስቀር ደፍኖ ከገነባው፣ ክረምት ላይ ከኋላ የተጠራቀመው ውሃ ግንቡን እንደ በር ገፍቶ ይከፍተዋል። አይቻለሁ፣ ሁለቴ።

እነዚህ ቤቶች አሁን የማን ናቸው?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ትርፍ ቤት ወደ ቀበሌ ሄደ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች። ለብዙ ደሃ ቤተሰብ ጣሪያ ሰጥቷል፣ ይሄን መካድ ነውር ነው። ግን ቤቱ ባለቤት አጣ። እኛ ያደግንበት የቀበሌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትን፤ ይምጣ፣ ይታይ፣ በጀት ይያዝ ሲባል ሦስት ክረምት አለፈ። ራሳችሁ እንዳታድሱ ደግሞ "የመንግሥት ንብረት ነው" ይባላል። በመጨረሻ አባቴ ሌሊት ወጥቶ ቆርቆሮውን ቀየረው። ግንበኛ ሆኖ በሌሊት፣ እንደ ሌባ።

አሮጌ ቤት አለን። እናፍርሰው ወይስ እናድሰው?

መጀመሪያ በቅርስነት መመዝገቡን ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚለው የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም፣ አይታደስምም። ካልተመዘገበ ውሳኔው የናንተ ነው፣ የቦታው ነገር ግን ከከተማው ፕላን ጋር እንዳይጋጭ አጣሩ።

የምታድሱ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አትለስኑ። ግድግዳው ይተነፍሳል፣ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በፊቱ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት እርጥበቱ ውስጥ ይታሰራል። ሁለት ዓመት ያምራል። በሦስተኛው ያብጣል፣ ከዚያ በትልልቁ እየተገነጠለ ይወድቃል፣ ሲወድቅም የድሮውን ገላ ይዞ ነው። ኖራ ግዙ።

ኮምቦልቻ ላይስ እንዲህ ዓይነት ሰፈር አለ?

ኮምቦልቻ ሌላ ጠባይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ስትደርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ፣ ከፍታው በስድስት መቶ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ያሳደጋት መንገድ ነው፤ የአዲስ አበባውና በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው እዚያ ይገናኛሉ። ሜዳ ስለሆነች መንገዷ ቀጥ ይላል፣ ቤቷም ለሙቀት ሰፊ በረንዳ ይፈልጋል። ፋብሪካና መጋዘን ለማየት ጥሩ ናት። ለሰፈር ታሪክ ግን ደሴ ይሻላችኋል፣ ኮምቦልቻዎች አትቀየሙኝ።

ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ ምን ልይ?

ሰኞ ኑ። ጠዋት አይጠየፍን እዩ፣ ከዚያ ፒያሳን በእግር፣ ዓይናችሁን ሱቁ ላይ ሳይሆን ከሱቁ በላይና ከመሠረቱ በታች አድርጋችሁ። ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። ከሰዓት ሰኞ ገበያ። ጥሩ ጫማ አድርጉ፣ ከዘነበ ሌላ ነገር ነው።

የሰው ቤት ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ባለቤቲቱን ሰላም በሉ። አብሽሩ፣ ማንም አይቆጣም። ቡና ከቀረበ ግን አቦሉን ብቻ ጠጥታችሁ አትነሡ። የቤቱን ታሪክ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተወለደበት፣ የትኛው ግድግዳ በየትኛው ክረምት እንደወደቀ የሚወራው ከቶና በኋላ ነው፣ በረካው ላይ።